ብርቱካናማዋ መስመር

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ በጀት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕግና ስለ ተጠያቂነት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ልጽፍላችሁ ነው። «ደግሞ ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ ጉዳዩ ከወትሮው ርእሳችን ብዙ አይርቅም። እንዲያውም ስለ ተጠያቂነት ለዓመታት ሳስተምር ያልገባኝን ነገር ያስረዳችኝ ይህችው አውሮፕላን ናት። ትምህርቱ ግን በነፃ አልመጣም፤ ልጄን ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር።

ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው። የአየር ኃይሉ ጄቶች ጣራችንን እያንቀጠቀጡ ሲያልፉ አንገታችንን ሰቅለን ያደግን ልጆች ነን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አነስተኛ ጋራዥ ነበረው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀባይ ነበርኩ። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ አንድ ነገር ግን ለረዳቶቹ ሁሉ ይደጋግም ነበር፤ «ዳዶ በዓይን አይጠብቅም» ይል ነበር። አጥብቄዋለሁ ያለው ረዳት ላይ ዘወር ይልና የገዛ እጁን በዳዶው ላይ ያሳርፋል። በልጅነቴ ይህን የሚያደርገው ሰው ስለማያምን ይመስለኝ ነበር።

እኔ እጄን በዘይት ሳይሆን በጠመኔ የማቆሽሽ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን በመንግሥት አስተዳደር ሠርቼ ዛሬ የምኖረው በአሜሪካን አገር በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ነው። ኦሃዮ የራይት ወንድማማቾች አገር ናት። እነዚያ ሁለት ብስክሌት ጠጋኞች በዴይተን ከተማ የሠሯትና በኖርዝ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ በታኅሣሥ 1903 (እ.ኤ.አ.) ለ12 ሰከንድ ያበረሯት አውሮፕላን፣ ሞተሯን ቻርሊ ቴይለር የተባለ መካኒካቸው በስድስት ሳምንት ውስጥ ነበር የሠራላቸው። እንግዲህ የዓለም የመጀመሪያዋ ባለ ሞተር አውሮፕላን ራሷ የቤት ሥራ ናት ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የአባቴ ጋራዥ ትዝ ይለኝ ነበር። በ2014 (እ.ኤ.አ.) መኪናዬን ከቤቱ ጋራዥ አስወጥቼ በምትኩ የላሜራ ሳጥኖች አስገባሁ።

ስለ ሕጉ ጥቂት ላስረዳ፤ ለዚህ ገጽ አንባቢ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ሕጉ ሳይገርመው አይቀርም። በአሜሪካ ማንኛውም ግለሰብ ለትምህርቱ ወይም ለመዝናናቱ ሲል አውሮፕላን መሥራት ይችላል። የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ዋነኛ ነገር የሥራው ከግማሽ በላይ በአማተሮች እጅ የተሠራ መሆኑን ነው። ይህንንም ሠሪው በመዝገብና በፎቶግራፍ ያስረዳል። ሥራው ሲያልቅ መርማሪ መጥቶ ያያል፤ ሰነዱን ይመለከታል፤ ከዚያም «የሙከራ» በሚባለው ምድብ የበረራ ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 25 ወይም 40 የበረራ ሰዓታት በተወሰነ ክልል ውስጥ፣ መንገደኛ ሳይጫን የሚፈጸሙ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችል ቦታ ላይ፣ ይህ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ መሆኑንና ለመደበኛ አውሮፕላኖች የተደነገገውን የደኅንነት ደንብ የማያሟላ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፋል።

የዚህ ሕግ መንፈስ ይማርከኛል። መንግሥት ዜጋውን «አትችልም» አይለውም፤ «ቻል፤ ግን የሠራኸውን ጻፍ፣ አሳይ፣ ለሚሳፈርብህም እውነቱን ንገር» ይለዋል። እምነትና ማስረጃ በአንድ ላይ የቆሙበት ሕግ ነው። በክፍል ውስጥም እንደ ምሳሌ ሳነሣው ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ሥራው ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። አውሮፕላኗ ባለ ሁለት መቀመጫ ናት፤ ሰውነቷ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው፤ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሪቬት አለባት። የሪቬት ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በአየር ግፊት የሚሠራውን መዶሻ ከውጭ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ በኩል ከባድ ደጋፊ ብረት ይደግፋል። ብረቱ ካጋደለ የሪቬቱ ጭንቅላት ይጣመማል። ልክ ሆኖ የተመታ ሪቬት የተጨፈለቀው ጫፉ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ ደግሞ ግማሹን ያህል መሆን አለበት። ያልሆነው በጥንቃቄ ተሰርስሮ ይወጣና በሌላ ይተካል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዙ ይላጋል፤ በጠርዙ ላይ የቀረች ጭረት ከዓመታት ንዝረት በኋላ የስንጥቅ መጀመሪያ ልትሆን ትችላለችና።

ወደ ክንፉ ውስጠኛ ክፍል የእኔ ክንድ አልገባ ሲል ደጋፊውን ብረት የያዘችልኝ ልጄ ነበረች። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የጆሮ መከላከያ አድርጋ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ «ዝግጁ!» ስትለኝ እመታለሁ፤ «ቆንጆ!» ወይም «ጠማማ!» ብላ ትፈርዳለች። ጠማማ ያለችውን አንድም ጊዜ አልፌው አላውቅም። በእሷ ፊት እጅግ ጥንቁቅ ነበርኩ። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው።

በመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) የመርማሪው ቀጠሮ ደረሰ። ቀጠሮው ለሰኞ ነበር። ቅዳሜ ማታ ብቻዬን በሃንጋሩ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሥራዎች እዘጋ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በአውሮፕላን ሥራ አንድ ዳዶ ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ ከታሰረ በኋላ ከዳዶው ወደ አጠገቡ ብረት የምትሻገር ቀጭን የቀለም መስመር ይቀባበታል። የእኔዋ ብርቱካናማ ናት። ቀለሙ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሯ ትሰበራለች። ስለዚህ ያልተሰበረች መስመር ሁለት ነገር ትናገራለች፤ «ይህ ዳዶ ጠብቋል» እና «ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም»።

በቀኝ ክንፍ ውስጥ አንድ ቆላፊ ዳዶ አለ። ኤይለሮን የሚባለውንና አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን የክንፍ ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው የሚገኘው። ቦታው ጠባብ ነው፤ በዚያ ምሽት በእጄ የነበረው ቁልፍ አልገባ አለኝ። ተስማሚው ቁልፍ ቤት ቀርቷል። ዳዶውን በጣቴ እስከሚቆም አዞርኩትና ለመዝገቡ ፎቶግራፍ ማንሣት ስለነበረብኝ ብርቱካናማዋን መስመር ቀባሁበት። ፎቶግራፉን አነሣሁ። በመዝገቡ ላይ «ታስሯል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። «ነገ ቁልፉን ይዤ መጥቼ አጠብቀዋለሁ» አልኩ። እሑድ ሌላ ሌላ ነገር ሞላው። ሰኞ መርማሪው መጥተው በመብራት አዩ፤ መስመሯን አዩ፤ መዝገቡን አዩ፤ ፈቃዱን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳሁት። ረሳሁት ስል ከልቤ ነው።

25ቱን ሰዓት ብቻዬን በረርኩ። በ2022 ጸደይ የመጀመሪያዋ መንገደኛዬ ልጄ ሆነች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችና «እኔም አማተር ነኝ፤ አብረን ነው የሠራነው» ብላ ወጣች።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። አውሮፕላን መሥራት ያልቃል፤ ጥገና ግን አያልቅም። የእኔዋ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ላይካሚንግ ነው። በየ50 የበረራ ሰዓቱ ዘይቱ ይቀየራል፤ ፊልትሮው ተቆርጦ ተከፍቶ ብናኝ ብረት እንዳለበት ይታያል። ካንዴላዎች ወጥተው ይጸዳሉ፤ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካል። በየ12 ወሩም አውሮፕላኗ ሙሉ በሙሉ ተከፍታ ትመረመራለች። ሕጉ እዚህ ላይ ለሠሪው አንድ ልዩ መብት ይሰጣል፤ ዋናው ሠሪ አመልክቶ የምስክር ወረቀት ካገኘ ይህን ዓመታዊ ምርመራ በገዛ አውሮፕላኑ ላይ ራሱ ማካሄድና መፈረም ይችላል። ወረቀቱን ባገኘሁ ጊዜ ከሦስተኛ ዲግሪዬ ባልተናነሰ ተደስቻለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በልልኝ። ሠሪው እኔ፣ ባለቤቱ እኔ፣ አብራሪው እኔ፣ መርማሪውም እኔ። በሙያዬ ግን «የሠራ አይመርምር፤ ገንዘብ የያዘ ሒሳብ አይመርምር» እያልኩ ፈተና የማወጣ ሰው ነኝ። በአንድ የወገኖቻችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡ የራሱን ሪፖርት ራሱ መርምሮ ሲያቀርብ እጄን አውጥቼ ለሃያ ደቂቃ ያህል የተናገርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ወደ ራሴ ሃንጋር ስገባ ግን በበር ላይ ትቼው ገባሁ።

በ2022 እና በ2023 ዓመታዊ ምርመራውን ራሴ አካሄድኩ። ሁለት ጊዜ በቀኝ ክንፍ ውስጥ መብራት አበራሁ። ሁለት ጊዜ ብርቱካናማዋ መስመር ሳትሰበር አየኋት። ሁለት ጊዜ «መልካም ነው» ብዬ ፈረምኩ። ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው። በዚያ ቅዳሜ ማታ የዋሸሁት መርማሪውን መስሎኝ ነበር። ውሸቱ ግን ተመልሶ ለእኔ ለራሴ ማስረጃ ሆኖ ቀረበልኝ፤ እኔም አመንኩት።

በ2024 መጸው፣ አንድ በአጎራባች ሃንጋር የሚገኙ በጡረታ ላይ ያሉ አሜሪካዊ መካኒክ ቡና ልጋብዛቸው ጠርቼአቸው ሳለ ክንፉ ተከፍቶ አገኙት። ዕድሜአቸው ከሰማንያ በላይ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ምናልባትም ስለደከመ ይሆናል፣ ዓይተው ሳይሆን ዳስሰው ነው የሚመረምሩት። እጃቸውን በቀዳዳው አስገቡና ትንሽ ዝም አሉ። «ይህን አንተ ነህ ያሰርከው?» አሉኝ። «አዎን» አልኩ። «በሁለት ጣቴ ዞረ» አሉ።

እጄን አስገባሁ። መስመሯ ተሰብራ ነበር፤ እሳቸው ሲያዞሩት ነው የተሰበረችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ዳዶ ይዞት የኖረው የቀባሁት ቀለም ነበር። ቀለሙ አንድ ቀን ቢለቅ ዳዶው በሞተሩ ንዝረት ይላላል፤ ዘንጉ በጥርሱ ላይ እየተንገጫገጨ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም። የበረራ መዝገቤን አወጣሁ። ልጄ ከእኔ ጋር የበረረችው አሥራ አንድ ጊዜ ነው።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ቡናቸውን ጨርሰው «ቀኝ እጅህን አትመነው፤ ግራህ ይመርምረው» ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ነገርኳት። ለልጄ ለመንገር ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሊደበቅላት የሚገባ ሕፃን አይደለችም። ሁሉንም ነገር፣ የቁልፉን፣ የፎቶግራፉን፣ የፊርማውን ጉዳይ ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አባዬ፣ በስንተኛው በረራ ላይ ነበር?» አለችኝ። «በሁሉም ላይ» አልኳት። ብዙ ቆየችና «እኔ ጠማማ ስልህ ሁልጊዜ ታወጣው ነበር» አለችኝ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። በሕይወቴ የቆምኩበት ሸንጎ ብዙ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የተከላከልኩበትም አለ። እንደዚህ ያለ ፍርድ ግን ተፈርዶብኝ አያውቅም።

አውሮፕላኗን አራት ወር አቆምኳት። ወለሏን፣ ክንፎቿን፣ ጭራዋን ከፍቼ እያንዳንዷን ቡሎን ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁ። ሌላ ያላጠበቅሁት አላገኘሁም። ይህ ግን አላጽናናኝም፤ ያተረፈን ጥንቃቄዬ ሳይሆን ዕድል ነበርና። ከዚያም በመዝገቡ ላይ የሆነውን ሁሉ በቀለም ጻፍኩት፤ «በ2021 ታስሯል ተብሎ የተፈረመው ዳዶ አልታሰረም ነበር፤ የ2022 እና የ2023 ምርመራዎች ይህን አላገኙም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።» አንድ ወዳጄ «እንዲህ ያለ ነገር ከተጻፈ ወደፊት ማን ይገዛሃል?» ብሎ ገሥጾኛል። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን እውነት የማይጻፍበት መዝገብ ከሌላ ብርቱካናማ መስመር በምን ይለያል?

አሁን ዓመታዊ ምርመራውን የሚፈርመው ፈቃድ ያለው ሌላ መካኒክ ነው። ሕጉ ዛሬም መብቱን ይሰጠኛል፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ሰውየውም ምንም ነገር በቃሌ አያምነኝም። ለዚህ ነው የምከፍለው።

ወደ አገራችን ጉዳይ ልመለስ። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ተሠርታ ነበር። የነደፋት ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ሲሆን ኢትዮጵያውያንም አብረውት ሠርተዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ተወስዳ ለረጅም ዓመታት በጣሊያን የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ይገባናልም። የሚገርመው ዳዶውም፣ ካቻቢቴውም፣ ፒንሳውም፣ ካንዴላውም፣ ፊልትሮውም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። አባቴ እነዚህን ቃላት የራሱ አድርጓቸው ነበር፤ የራሱ ያደረጋቸው ግን ስሞቹን በመጥራት ብቻ ሳይሆን እጁን መልሶ በዳዶው ላይ በማሳረፍ ነው።

እኛ የምረቃ ሕዝብ ሆነናል። ሪባን የሚቆረጥለት እንጂ ዘይት የሚቀየርለት ነገር ዜና አይሆንልንም። መንገዱ ሲመረቅ ሁላችንም ከፎቶግራፉ ውስጥ አለን፤ ጉድጓዱ ሲበጅ ማንም የለም። ይህ የገዥው ወገን ብቻ በሽታ አይደለም፤ ተቃዋሚውም፣ ማኅበሩም፣ ዕድሩም፣ ዩኒቨርሲቲውም የየራሱ ብርቱካናማ መስመር አለው። ተፈጸመ ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ፣ ተመረመረ ተብሎ የታተመ ሒሳብ፣ ተወያየንበት ተብሎ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ፤ ስንቱ በእውነት ጠብቋል? ስንቱስ በቀለም ብቻ ተይዞ ይኖራል?

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ግኝቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ሪፖርት በቀረበ ቁጥር አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ማን ሰረቀ?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከዚያ ዳዶ ወዲህ ሌላም እጨምራለሁ፤ «ማን ሳያጠብቅ ቀባ? ከእሱ ቀጥሎስ ማን ቀለሙን ብቻ አይቶ ፈረመ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁሉም ሌባ አይደለምና። ብዙው ቅዳሜ ማታ የደከመው፣ ሰኞ ቀጠሮ ያለበት፣ «ነገ አጠብቀዋለሁ» ያለ ደኅና ሰው ነው። እኔ እንዲያ ነበርኩ። ክፉ ሰውን የሚይዝ ሕግ ማውጣት አይከብድም፤ ደኅና ሰውን ከራሱ የሚጠብቅ ሥርዓት መትከል ግን ከባድ ነው። የሥርዓቱ መጀመሪያ ደግሞ ደኅና ነኝ የሚለው ሰው ራሱ የሌላ ሰው እጅ እንዲዳስሰው መፍቀዱ ነው። አባቴ በረዳቶቹ ሥራ ላይ እጁን መልሶ የሚያሳርፈው ሰው ስለማያምን አልነበረም። በዚያ መኪና የሚሳፈረውን ሰው ስለሚያስብ ነበር።

ልጄ ለብዙ ወራት ወደ ሃንጋሩ አልመጣችም፤ እኔም አልለመንኳትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን በራሷ ፈቃድ መጣች። ቃል ሳትተነፍስ የቀኝ ክንፉን ክዳን ፈታች፤ አሁን ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፣ ክንዷን ግን እንደ ድሮው እስከ ትከሻዋ አስገባች። መብራት ላቀብላት ዘረጋሁ፤ አልተቀበለችኝም። ዳዶውን በእጇ ያዘችና በኃይሏ ሁሉ ልታዞረው ሞከረች። ከዚያም ክዳኑን መልሳ ገጠመች። «ቆንጆ» አላለችም። በሩን ከፍታ ተሳፈረች እንጂ።

ቸር ይግጠመን።